የአይጥ ወሬ በበርጫ ሰዓት

ሲይዙኝ እጄ አይጥ አይጥ ይሸት ነበር። ከማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ነው የወሰዱኝ፤ ነጩን ጋውኔን ያወለቅኩት መኪናው ውስጥ ነው። ጥፋቴ አንድ ያልተወደደ ጽሑፍ ነበር። ያስገቡኝ የእስር ክፍል ጠባብ ነው፤ ሙቀቱ የድሬ ሙቀት፤ ሰው ሁሉ በሽርጥና በካናቴራ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። የክፍሉ ካቦ ቀፊራ ገበያ ሱቅ የነበራቸው ሶማሌ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሐጂ እንላቸዋለን።

እዚያ ጫት አይገባም፤ የቃሚዎች ወግ፣ በርጫው ግን አልቀረም። ከቀትር በኋላ ወለሉን በውኃ እናርሳለን፣ ጣፋጭ ሻይ በአንድ ጆግ ይዞራል፣ ተረኛው ያወራል። የእኔ ወሬ ሁሌ አይጥ ነው። ይቀልዱብኛል እንጂ ይወዱት ነበር።

አንድ ጠዋት አዲስ ሰው አስገቡ። ባጃጅ ነጂ ነኝ አለ። ወዲያው "ጆሮ ጠቢ ነው" የሚል ወሬ ተነሣ፤ ማስረጃው ከመርማሪ ጋር ሲስቅ ታየ መባሉ ብቻ ነው። ጎረምሶቹ ከበርጫው በኋላ ሊቀጠቅጡት ተማከሩ። ሰውዬው ገብቶታል፤ ጥግ ካለው የሽንት ባልዲ አጠገብ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ሻይም አልደረሰውም። ፈራሁለት፤ እዚያ ሰው ቢሞት ጠያቂ የለውም።

ተራው የእኔ ነበር። ማክሮፋጅ ስለሚባለው ሕዋስ ጀመርኩ።

"በላተኛ ነው። ጀርም ሲገባ ይውጠዋል፤ ሌሎቹንም ለጠብ ይጠራል።"

"ጎበዝ!" አለ አንዱ ጎረምሳ።

"ቆይ እንጂ። አይጦቹ ላይ ሌላም ሥራ አይተንበታል። ይኸው በላተኛ መልእክት ይልካል፤ በዚያ መልእክት ጠቡን የሚያበርዱ ገቺ ሕዋሳት ይነሣሉ። የአይጥ ሕዋስ ከምናሳድግበት ሳህን እሱን ስናወጣው ገቺዎቹም አይነሡም።"

"ገቺ ከሌለስ?" አሉ ሐጂ።

"ሰውነት የራሱን ሥጋ መብላት ይጀምራል።"

ገቺው ሲበዛ ካንሰርም ተደላድሎ እንደሚያድግ ሆን ብዬ ዘለልኩት። ሰዓቱ አልነበረም።

"እና ገቺውን የሚያስነሣው ያው ተደባዳቢው ነው?"

"ያው ነው፣ ሐጂ።"

"ወላሂ፣ አይጥ ከእኛ ይሻላል!"

ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። በራሳቸው ኩባያ ሻይ ቀድተው ባልዲው ዘንድ ሄዱና ከሰውዬው ጎን ተቀመጡ።

"ጠጣ። ከእኔ ጋር በርጫ የተቀመጠን ሰው የነካ፣ እኔን ነው የነካው።"

"አቦ ሐጂ፣ ጆሮ ከሆነስ?" አለ ጎረምሳው።

"ከሆነ ይስማ። ሻይ ሰጡኝ ብሎ ይንገራቸው።"

ማንም አልተነሣበትም። ሰውዬው ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሳይጠጣ ብዙ ቆየ።

ከቀናት በኋላ ወሰዱት። ጆሮ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሐጂም ሳያውቁ ነው የተፈቱት።

ዛሬ ወደ ማስተማሬ ተመልሻለሁ። እስር ቤት ናፈቀኝ ማለት ያሳፍራል፤ ያ ከሰዓት ግን ይናፍቀኛል። ስለዚያው ሕዋስ በየጉባኤው ተናግሬአለሁ፤ ያጨበጭቡልኛል። ሰምቶ ከቦታው ሲነሣ ያየሁት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።