የሰርኬ ስኳር

እማሆይ ወለተማርያም ቆብ ከጫኑ ወዲህ ሰርኬ ብሎ ለጠራቸው ሰው «አቤት» ብለው አያውቁም። ሰርኬ የዓለም ስማቸው ነበር። ባላቸው ባረፉ በዓመቱ ሲመነኩሱ ፍትሐት ተደግሞበታል፤ የሞተን ስም ማን ይጠራል? የድሮ ጎረቤት ታክሲ ውስጥ «ሰርክዬ!» ብላ ብትጮህ እንኳ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። የቀበሌ መታወቂያቸው ብቻ እስከ ዛሬ ሰርኬ ይላል። ልጃቸው ሰምሀል እናስቀይረው ብላ ብትጨቀጭቃቸው «ቀበሌም የዓለም ነው፤ በዓለም ስሜ ይወቀኝ» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ከአዲሱ ገበያ ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ቤታቸው ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ እየፈተሉ ነው የሚኖሩት። ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት አንድ ነገር ቢኖር ፍልሰታ ነው። ያን ጊዜ በእግራቸው እንጦጦ ማርያም ወጥተው ሱባኤ ይይዛሉ። ዳገቱ ላይ ጎረምሳው ሁሉ ቁና ቁና ሲተነፍስ እሳቸው ዳዊታቸውን እየደገሙ ያልፉታል።

ታዲያ እንዲህ ያለችን ሴት ምን ያስመረምራታል? እሱን ሰምሀልን ጠይቋት። አንድ አዲስ የተከፈተ ክሊኒክ «ሙሉ ምርመራ በቅናሽ» ብሎ ሰቅሎ አይታ «ሳያምሽ መታየት ነው እኮ ደጉ፣ እማዬ» እያለች መውጫ መግቢያ አሳጣቻቸው። እሳቸውም ልጄን ደስ ይበላት ብለው በሐምሌ መጀመሪያ አብረዋት ሄዱ።

ሰምሀል በመታወቂያው ካርድ አወጣች፤ እማሆይ ደም ሰጡ። ወዲያው ለልጅቱ ከመሥሪያ ቤቷ ደወሉላትና ወደ ውጭ ወጣች። ይሄኔ አንዲት ነርስ በሩ ላይ ቆማ «ሰርኬ! ሰርኬ!» ትላለች። እማሆይ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ነርሷ ጠርታ ጠርታ ሲሰለቻት አጠገቧ የተቀመጡትን አሮጊት «እማሆይ፣ የእርስዎ ስም ማነው?» አለቻቸው።

«ወለተማርያም።»

«ካርድ የለዎትማ!»

በቃ፣ ሌላ ካርድ ወጣ። መቀነታቸው ላይ ከቋጠሯት ወረቀት የሰምሀል ስልክ ተገለበጠ፤ ሁለተኛ ደም ተቀዳ። እማሆይም ሙሉ ምርመራ ማለት ደም እስኪያልቅ መቅዳት ይሆናል ብለው ዝም አሉ። ለሰምሀልም አልነገሯት፤ ምን ብለው ይንገሯት?

ሒሳቡ ሲመጣ ቅናሽ የተባለው ምርመራ እንደ ክረምት ጎርፍ ከየት የመጣ የማይባል ነገር ሁሉ ይዞ ወረደ። ታይፎይድ አለበት፣ ታይፈስ አለበት፣ ሐኪም ያላዘዘው የአንጀት ምርመራ አለበት። መጨረሻው ላይ ደግሞ የእርግዝና ምርመራ!

«እናቴ እኮ መነኩሲት ናት!» አለች ሰምሀል፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ።

«ፓኬጁ ነው» አለች ገንዘብ ተቀባይዋ ቀና ሳትል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነውና ሰምሀል ከፍላ ገባች።

ሐኪሙ ወረቀቱን አየና «ስኳር አለብዎት» አላቸው። «ለጊዜው መድኃኒት አላዝም። ግን ጠዋት ጠዋት ይመገቡ። ጾም የሚባል ነገር ከእንግዲህ ይቅርብዎ።»

ይቅርብዎ! ለመነኩሲት፣ ያውም ፍልሰታ ደጃፍ ላይ ሲደርስ። የነፍስ አባታቸው መምሬ አድነው ሳይቀሩ «ሐኪም ካዘዘ እግዚአብሔርም ያውቃል» ብለው ፈቀዱላቸው። ከዚያ ወዲያ እማሆይ ረቡዕና ዓርብ በማለዳ ቂንጬ ፊታቸው አስቀምጠው ያለቅሳሉ፤ እያለቀሱም ይውጣሉ። ሰምሀል አጠገባቸው ቆማ ማጽናናት እንኳ አልቻለችም፤ ያስመረመረችው እሷ ነቻ።

የሐምሌ መጨረሻ ላይ ከክሊኒኩ ስልክ ተደወለ። «ወለተማርያም የሚባሉ ታካሚ ሒሳብ ሳይከፍሉ ነው የሄዱት። ውጤታቸውም እዚህ ነው።»

እናትና ልጅ ተያይዘው ሄዱ። ሰምሀል ውጤቱን ገና ከሠራተኞቹ እጅ ስትቀበል ስኳር ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር አየች። ደህና ነው ይላል። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ አቶ ያዕቆብ ቢሮ ገባች፤ እማሆይም ተከተሏት።

«አንድ ሰው፣ በአንድ ጠዋት፣ ሁለት ውጤት?»

አቶ ያዕቆብ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገ። «ሁለት ሰዎች ናቸው እኮ። ሰርኬ ስኳር አለባቸው። ወለተማርያም የለባቸውም። ሰው ከሰው ይለያያል።»

«ሁለቱም እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ እማሆይ።

«ሲስተሙ እንደዚያ አይልም፣ እማሆይ።»

«ሲስተሙ አልወለደኝማ!»

ሰውየው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የወለተማርያምን ሒሳብ ሊያትም ሲል እማሆይ እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «ቁርስ አልቀመስኩም። እዚሁ ፊቴ ቅዱኝ።» ካልቀዱኝ አልወጣም ሲሉት የላብራቶሪው ሠራተኛ ዓለሜ ተጠራ። ጣታቸውን ወጋ፤ ደሙን በትንሿ መሣሪያ አየ። ደግሞ አየ።

«ስኳር የለባቸውም» አለ ቀስ ብሎ። «ያን ቀን ሰው በዝቶ ነበር። እ... ማለቴ፣ የመጀመሪያው ደም ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሮ ይሆናል።»

ሰምሀል እናቷን አቅፋ እንባዋ መጣ። አቶ ያዕቆብም አንደበቱ በአንድ ጊዜ ማር ሆነ። የሁለተኛው ሒሳብ ተሰረዘ፤ የመጀመሪያው ከነእርግዝናው እንዲመለስ ተስማማ። ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበላቸው። «እዚህ ጋ ሰርኬ ብለው ይፈርሙና ብሩን ይውሰዱ። ፍልሰታዎንም በሰላም ይጹሙ።»

እማሆይ እስክሪብቶውን አልነኩም።

«የሌላ ሰው ደም ነው አላችሁ?»

«ይመስለናል።»

«የማን?»

አቶ ያዕቆብ ዓለሜን አየ። ዓለሜ መሬት መሬቱን አየ።

«እኔ የሱን ቁርስ በየዓርቡ እያለቀስኩ በላሁለት» አሉ እማሆይ። «እሱ ደግሞ ጤነኛ ነህ ብላችሁ ሰዳችሁታል። ከነገ ወዲያ ጾሙ ሲገባ ባዶ ሆዱን ተራራ ይወጣ ይሆናል። ብሩ ይቆይ። መጀመሪያ ሰውየውን ፈልጉ።»

«እማዬ፣ ፈርሚና እንሂድ በቃ» አለች ሰምሀል።

እማሆይ ነጠላቸውን አጣፍተው እዚያው ቢሮ ውስጥ ወንበር ስበው ተቀመጡ። መቁጠሪያቸውንም አወጡ። አቶ ያዕቆብ በሩን አየ፣ ሰዓቱን አየ፤ እሳቸው ግን ቀና አላሉም። ሲቸግረው የዚያን ቀን ታካሚዎች ስልክ ከኮምፒውተሩ አወጣና ከላይኛው ጀምሮ መደወል ያዘ።