ስቴትመንቱ ላይ ያለው ግሮሰሪ

የአባቴ ጡረታ የሚገባበት ካርድ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ሁለታችንም እንጠቀምበታለን። ከባንክ ስቴትመንት ያስወጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር። መሐል ላይ፣ ወደ ኪቶ ፉርዲሳ በሚወስደው መንገድ ከቤታችን ዝቅ ብሎ ያለው ግሮሰሪ ስም ሰፍሯል። አባቴ ሐኪም መጠጥ ከከለከላቸው ወዲህ በዚያ ደጃፍ ዞር አላሉም፤ እኔ እንደዚያ ነበር የማምነው።

ቤት እንደገባሁ ወረቀቱን ፊታቸው ዘረጋሁት። «እርስዎ» ማለቴን አልተውኩም፤ ድምፄ ግን ሕፃን የሚቆጡበት ድምፅ ነበር።

«ጉበትዎን ለምን ይጨርሱታል? ያውም ተደብቀው!»

መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አነበቡ። ይከራከሩኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «እኔ እንጃ ልጄ፣ አላስታውስም» አሉ። ይኼ ይባስ አናደደኝ።

«አሁን ደግሞ መርሳት መጣ?» አልኳቸው።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ፣ ሁለተኛ እንዳይሸጡላቸው ላስጠነቅቅ ግሮሰሪው ገባሁ። ባለቤቷ ሳልጨርስ ሳቀች።

«ሜ፣ እስቲ ተቀመጪ እህቴ! ያ ሂሳብ የራስሽ ነው። እዚህ ጎን ያለው ሱቅ የካርድ ማሽኑ ኔትወርክ አልይዝ ብሎት የኔን ተውሶ አልነበር? አጃና ወተት የገዛሽ ቀን!»

ትዝ አለኝ። ባለሱቁ ማሽን ከጎረቤት ይዞ ሲመጣ የሚስጥር ቁጥሩን ያስገባሁት እኔው ነኝ። አጃው ለአባቴ ቁርስ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ለአባባም ጠዋት ነግሬያቸዋለሁ እኮ» አለች፤ አሁን አትስቅም። «በሩ ላይ ቆመው፣ ‹ሰሞኑን እዚህ መጥቼ ጠጥቻለሁ ወይ? እውነቱን ንገሪኝ፤ አእምሮዬ እየከዳኝ ከሆነ ልወቀው› አሉኝ።»

እንዲህ አድርጌያቸው ነው ያደርኩት። እኔ ተኝቼ ሳድር እሳቸው ራሳቸውን ሲጠራጠሩ አንግተዋል። ከዚያ ቤት ወጥቼ እስከ ደጃችን ቀና ብዬ ሰው ማየት አፈርኩ።

ስገባ አባቴ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከጠዋት ጀምሮ ያውቃሉ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በትከሻዬ ያዙኝ። ከዚያ ካርዱን ከመሳቢያ አውጥተው ዘረጉልኝ።

«አንቺው ዘንድ ይቀመጥ» አሉ።

«አባዬ፣ እርስዎ እኮ አይደሉም፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

«አውቃለሁ ልጄ። አሁንስ አልረሳሁም። ነገ ብረሳስ?»

ካርዱ እስከ ዛሬ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው።