መስታወቱ ላይ የቀረው ክብ

ባለፈው እሑድ ልጄ ደረጀ ቤተሰቡን ይዞ ከጅማ መጣ። መኪና ገዝቷል። ከመኪናው ሲወርድ መንገድ የሚያሳየውን ስልኩን ከፊት መስታወቱ ላይ ነቅሎ ኪሱ ከተተና ሊስመኝ ተጠጋ። ጉንጬን ሰጠሁት፤ ዓይኔ ግን መስታወቱ ላይ ነበር። ስልኩን የሚይዘው የጎማ እግር የተጣበቀበት ቦታ ላይ፣ የሻይ ብርጭቆ ቂጥ የሚያህል ክብ ምልክት ቀርቷል።

"በሩን ክፈትልኝ" አልኩት።

"ምን ረስቼ ነው?"

"ክቡን። ልጠርገው ነው።"

"ኧረ እማዬ፣ ገና ሳትስሚኝ! ስልኩ እኮ ኪሴ ውስጥ ነው።"

"ኪስህ ውስጥ መሆኑን የምታውቀው አንተ ነህ። መንገደኛው በምን ያውቃል?"

ሳቀብኝ። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ሲፈን ግን አልሳቀችም። "አያቴ፣ ክቡ ምን ያደርጋል?" ብላ ጠየቀችኝ። ለእሷ በአጭሩ ነገርኳት። እዚህ ላይ ግን በአጭሩ ልተወው አልፈልግም።

ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ የሁለት ልጆች እናት ወጣት ከተባለች። መቱ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙ የማይርቅ አንድ አልጋ ቤት እሠራ ነበር። አንሶላ አጥባለሁ፣ ቁልፍ እሰጣለሁ፣ ጠዋት ለእንግዶች ጨጨብሳ አዘጋጃለሁ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘነበች ይባላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቁጣቸው ግን ከሐሳባቸው ይቀድም ነበር። ዘበኛው ኦቦ ቶሌራ በአቅራቢያው ያለው የዳሪሙ ገጠር ሰው ነበሩ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ዝናብ ኖረ አልኖረ የዝናብ ካፖርታቸውን የማያወልቁ። እትዬ ዘነበች የአባታቸውን እኩያ "አንተ ቶሌራ!" ብለው ነበር የሚጠሯቸው። ይህ ነገር በጠሯቸው ቁጥር እኔን ይጎረብጠኝ ነበር። እሳቸው ግን "አቤት" ከማለት በቀር ምንም ብለው አያውቁም።

ጥቅምት ነበር። መቱን የሚያውቅ ሰው የጥቅምትን ጠዋት ያውቃል። ዝናቡ ያባራል፤ ጭጋጉ ግን ከጫካው ወርዶ ከተማው ላይ ይተኛል፣ እስከ ሦስት ሰዓትም አይነሳም። ከበራችን ቆመህ የመንገዱን ማዶ አታይም፤ የአውቶቡሱን ጥሩምባ ብቻ ትሰማለህ። በዚያ ወር ነው ለመንገድ ጥናት የመጣች አንዲት መኪና ግቢያችን ያደረችው። ሾፌሩ ጋሼ ግርማ ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ነበሩ። ከመሐንዲሱ ጋር ቀን ቀን ወደ ቡሬ፣ ወደ ሶር፣ ወደ ዳሪሙ ይወጣሉ፤ ሲመሽ ጎማቸው ጭቃ ጎርሶ ይመለሳሉ።

መኪናዋ ፊት መስታወት ላይ ትንሽ መሣሪያ ተጣብቃ ነበር። እንደ ዛሬው ስልክ አይደለችም፤ መንገድ ከማሳየት ሌላ ሥራ የላትም። የሄዱበትን መንገድ ሁሉ በመስመር ትይዛለች፣ በሴት ድምፅም በእንግሊዝኛ ትናገራለች። ስለዚህ ጋሼ ግርማ ስሟን "ሴትዮዋ" ብለው አወጡላት።

በመጀመሪያው ቀን ጋሼ ግርማ ከመኪናው ወርደው "ኦቦ ቶሌራ፣ ሴትዮዋን አደራ!" ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ኦቦ ቶሌራም አደራ ተቀባይ ናቸው፣ እኔ ዘንድ መጥተው "ብርቄ፣ እንግዳዋ ሴት መኪና ውስጥ ቀርታለች፤ ሳትበላ አይሆንም" አሉኝ። የተቀቀለ ጎደሬና ሻይ ሰጠኋቸው። ይዘው ሄደው መስታወቱን እያንኳኩ "አዴ! አዴ!" ይላሉ። አዴ ማለት በኦሮምኛ ለእናት የሚባል የአክብሮት ጥሪ ነው። ጋሼ ግርማ በመስኮት አይተው በሳቅ ሊሞቱ ደረሱ። ኦቦ ቶሌራ ነገሩ ሲገባቸው ራሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ጎደሬውን ራሳቸው በሉት።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ጋሼ ግርማ ሳቃቸውን ትተው ሌላ ነገር ነገሩኝ። ከእኛ በፊት ባደሩበት ከተማ የመጀመሪያዋ ሴትዮ ተሰርቃለች። መስታወት ተሰብሮ፣ እሷ ተወስዳ፣ የአንድ ወር መንገድ አብሯት ጠፍቷል። "ዘበኛው ተባረረ" አሉ ጨጨብሳቸውን እየበሉ። "ይቺ ደግሞ ከጠፋች እኔም ወደ ሥራዬ አልመለስም።"

እትዬ ዘነበች ሰምተው ኖሮ ወዲያው ወደ በሩ ዞሩ። "አንተ ቶሌራ! ሰምተሃል? ይቺ ዕቃ ብትጠፋ ውርድ ከራሴ፤ የዚያኑ ቀን ነው የምትወጣው!"

ይሄኔ ደሜ ፈላ። ባለዕቃው የሚያብረቀርቅ ነገር መኪናው ውስጥ ትቶ ይተኛል፤ ቢጠፋ የሚባረረው በሩ ላይ በብርድ የቆመው ሰውዬ ነው። ይሄ እንዴት ያለ ፍርድ ነው? የጠረጴዛውን ፎጣ አስቀመጥኩና ጋሼ ግርማ ፊት ቆምኩ።

"ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሲመለሱ ሴትዮዋን ነቅለው ለእኔ ይሰጡኛል። እንደ ክፍል ቁልፍ። ጠዋት መልሼ እሰጥዎታለሁ።"

"የት ታስቀምጫታለሽ?"

"እሱን ለእኔ ይተዉልኝ።"

የመጀመሪያውን ቀን ግን እኔም ተሳሳትኩ። ጓዳ ውስጥ ማሩ ያለቀ ትልቅ ቅል ተሰቅሎ ነበር፤ ማን ቅል ውስጥ መሣሪያ ይፈልጋል ብዬ እዚያ ውስጥ ከተትኳት። ጠዋት ሳወጣት ጉንዳን ወርሯታል። ጋሼ ግርማ ሴትዮዋን ሲያበሯት አንድ ጉንዳን ካርታው በሚታይበት ገጿ ላይ ከቡሬ ተነስቶ ወደ መቱ ይሄድ ነበር። "ብርቄ" አሉኝ፣ "ይቺን መንገድ ደግሞ ማን አጠናት ብዬ ልጻፍ?" ከዚያ በኋላ በጨርቅ ጠቅልዬ በራሴ ሣጥን፣ ከልጆቼ ልብስ ሥር አደረግኳት፤ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት። ኦቦ ቶሌራ በየምሽቱ "ሴትዮዋ ገባች?" ይሉኛል። "ገብታለች" እላለሁ። ያን ሲሰሙ ነው የሚረጋጉት።

አንድ ቀን ከዳሪሙ ሲመለሱ ጋሼ ግርማ ሴትዮዋ የያዘችውን መስመር ለኦቦ ቶሌራ አሳዩአቸው። ከመስመሩ ግራና ቀኝ ምንም አልተጻፈም፤ ኦቦ ቶሌራ አጎንብሰው ብዙ አዩ። "የእኛ አገር ባዶ ነው የምትለው? ይሄን ያህል ሕዝብ እየኖረበት?" አሉ።

"ባዶ ነበር" አሉ ጋሼ ግርማ። "ዛሬ እኛ ስንሄድበት ነው መስመሩ የገባው። መንገድ ከተሠራ ከዚች ተነስቶ ነው።"

"እንግዲያው በደንብ ትጠበቅ" አሉ ኦቦ ቶሌራ፣ ከሁላችንም ኮስተር ብለው።

እንዲህ ሆነን ስንጠብቃት በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት የመስታወት ስባሪ መሬት ላይ አገኘን።

እንግዶች ወደ አውቶቡስ የሚወጡበት ሰዓት ነበር። ጭጋጉ እንደ ወትሮው ወርዷል። ኦቦ ቶሌራ የአንዲት ነጋዴ ዕቃ ተሸክመው መናኸሪያ ደርሰው ሲመለሱ የመኪናው የጎን መስታወት ረግፏል፤ ከፊት ወንበሩ ፊት ያለው መሳቢያ ተከፍቶ ወረቀቱ ተበትኗል። የተወሰደ ነገር የለም። ሴትዮዋ ሣጥኔ ውስጥ ነበረች።

እትዬ ዘነበች ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወጡ። እንግዳው ሁሉ ወጣ። በግቢው መሃል፣ በሰው ፊት፣ ጣታቸውን ቀስረው "ሌባ! ያስገባሃቸው አንተ ነህ! ስለ መሣሪያዋ ከአንተ ሌላ ማን ያውቃል? ካፖርትህን አውልቅና ውጣ!" አሉ።

ጋሼ ግርማም ራሳቸውን እየነቀነቁ "ያኛውም ከተማ እንዲሁ ነበር፤ ሁሌም ዘበኛው ነው" አሉ።

ኦቦ ቶሌራ አልተከራከሩም። የካፖርታቸውን ቁልፍ ከላይ ጀምረው መፍታት ያዙ። ያን ማየት አልቻልኩም።

"ኦቦ ቶሌራ፣ እንዳያወልቁ!" አልኩ። ድምፄ ከአሰብኩት በላይ ጮኸ።

"አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ?" አሉ እትዬ ዘነበች።

"ሣጥኑ የእኔ ነው፤ ያገባኛል። እስቲ እትዬ፣ ኦቦ ቶሌራ ሴትዮዋ የት እንደምታድር ያውቃሉ አያውቁም?"

"ያውቃል እንጂ! እሱን እኮ ነው የምልሽ!"

"የሚያውቁ ከሆነ ሌባውን ወደ ሣጥኔ ይልኩት ነበር እንጂ ባዶ መኪና አያሰብሩትም ነበር። መኪናዋን የሰበረው ሴትዮዋ ማደሪያዋ የት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው።"

ከእንግዶቹ አንዱ "እውነቷን ነው" አለ። እትዬ ዘነበች ዞረው ቢያዩት ወደ ሻንጣው አጎነበሰ።

"እሺ፣ በሩንስ ለምን ጥሎ ሄደ?" አሉ።

"ዕቃ እንዲያደርሱ በየጠዋቱ የሚልካቸው ማነው?"

ይህን ስናገር ሥራዬ ከቃሌ ጋር አብሮ ከአፌ ሲወጣ ተሰማኝ። ሁለት ልጆቼ ጓዳ ውስጥ ጎደሬያቸውን እየበሉ ነበር። ግን የላኳቸው እትዬ ዘነበች ነበሩ፤ ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ያልተናገረው ስለፈራ ነው።

እትዬ ዘነበች ቀሉ። "እንግዲያው ሌባው መሣሪያ እንዳለ በምን አወቀ? ሕልም ታይቶት ነው?"

ዞሬ መኪናዋን አየሁ። የፊት መስታወቱ ጉም ለብሶ ወተት መስሏል። መሃሉ ላይ አንድ ክብ ብቻ፣ እርሳስ ይዘው የሳሉት ያህል፣ ጥርት ብሎ ይታያል። ሴትዮዋ በየቀኑ የምትጣበቅበት ቦታ ነው።

"ያውላችሁ የነገረው!" አልኩ።

ማንም አልገባውም። በሩን ከፍቼ ገባሁና ጉሙን በእጄ ጠረግኩት፤ ክቡ ጠፋ። ከዚያ ተጠግቼ ሃ ብዬ ተነፈስኩበት፤ ክቡ ተመልሶ መጣ። እንደገና ጠረግኩ፣ እንደገና ተነፈስኩ። ከውጭ ሆነው ያዩ ነበር። "ይሄን ያየ ሰው ሴትዮዋ መሳቢያ ውስጥ ናት ይላል። እኛ በየምሽቱ ስንደብቃት እሷ እዚህ ነኝ እያለች ፈርማ ነው የምትገባው። ጋሼ፣ አንድ ቀን ጠርገውት ያውቃሉ?"

ጋሼ ግርማ ወደ መስታወቱ ተጠጉ። ክቡን አተኩረው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል፣ "እዚያኛው ከተማም መሳቢያ ውስጥ ከትቻት ክቡን አልጠረግኩትም" አሉ። "ዘበኛው እየማለ ነው የወጣው።"

እትዬ ዘነበች ጋቢያቸውን ሰበሰቡና "በል እሺ ቶሌራ፣ ወደ ሥራህ ተመለስ፤ በኋላ ጓዳ እንነጋገራለን" አሉ።

"የለም እትዬ" አልኩ። "ሌባ ያሏቸው እዚህ ነው። የሚመልሱትም እዚህ ነው። ይሄ ሁሉ እንግዳ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሌባ የሚለውን ብቻ ይዞ ነው የሚሄደው?"

ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅኩ። አፍጥጠው አዩኝ፣ ከዚያ ኦቦ ቶሌራን አዩ። ካፖርቱ ግማሹ ተከፍቶ እንደቆሙ ነበር። እትዬ ዘነበች ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ኦቦ ቶሌራ" አሉ። "ተሳስቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

እንደ ታላቅ ሰው ኦቦ ሲሏቸው የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ "አንተ" ሲሏቸው ሰምቼ አላውቅም። ኦቦ ቶሌራ ካፖርታቸውን መልሰው ቆለፉ። እኔም አልተባረርኩም፤ ለአንድ ወር ያህል ግን እትዬ ዘነበች ሲያዙኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተከፋፈለ። ጋሼ ግርማ ይነቅላሉ፣ እኔ እቆልፋለሁ፣ ክቡን የሚጠርጉት ኦቦ ቶሌራ ናቸው። ለሌላ ሰው አይሰጡም። በሳሙና ውኃ ጠርገው፣ አድርቀው፣ ተንፍሰውበት አይተው፣ ባዶነቱ እንዲታይ መሳቢያውን ከፍተው ይተዉታል። ሌባው ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሴትዮዋ ግን መንገዶቿን ሁሉ ይዛ፣ የዳሪሙንም ጭምር፣ ደኅና ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች።

ሲሄዱ የጋሼ ግርማን በር ያዝኩ። "በዚያ ከተማ ያልፋሉ?"

"አልፋለሁ።"

"ሰውየውን ፈልገው፣ በተባረረበት በር ላይ፣ ሌባ እንዳልሆነ ይናገሩለታል?"

"እናገራለሁ ብርቄ።"

"ይማሉልኝ።"

ማሉልኝ። ይሂዱ አይሂዱ ግን አላወቅኩም። ደብዳቤ አልመጣም፣ እሳቸውም ተመልሰው አልመጡም። ኦቦ ቶሌራ በክብር አርጅተው አገራቸው ገብተው አረፉ፤ ለእሳቸው ልቤ ንጹሕ ነው። ስሙን እንኳ የማላውቀው ያ ሌላው ዘበኛ ግን ይቆረቁረኛል። መስታወት ላይ ክብ ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ እሱ ነው፤ ምናልባት ዛሬም ሰፈሩ ውስጥ ሲያልፍ የሚጠቋቆሙበት ሽማግሌ ይኖራል።

ለሲፈን ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። "ዕቃውን ደብቀሽ ምልክቱን ከተውሽ፣ ሌባ ይመጣል፤ ከዚያ ያላጠፋ ሰው ይጠየቃል" ብቻ ነው ያልኳት። እሷም መኪናው ውስጥ ገብታ፣ በነጠላዬ የጠረግኩት ቦታ ላይ አፏን አስጠግታ ሃ ብላ ተነፈሰችበት። አባቷ በሩን ተደግፎ ይስቅ ነበር።

"አያቴ፣ አልጠፋም" አለችኝ። "ትንሽ ይታያል።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው፤ በአንድ በኩል ቀጭን ቅስት ቀርቷል። ደረጀን ሳሙናና ውኃ እንዲያመጣ ላክሁት። መሳቁን ትቶ ሄደ።

"ነጠላውን ያዥ" አልኳት። "እስኪጠፋ ድረስ ነው የምንጠርገው።"