ጠበል የነካው ጥቁር ኮፈኖ

ጥቁር መኪና ኃጢአቱን አይሸሽግም ይል ነበር አጎቴ ወልደአረጋይ። ነጩ ላይ የማይታየው ጭረት ጥቁሩ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር ይመስላል።

አጎቴ ደብረ ብርሃን የፊታውራሪ ገብረ ጻድቅ ሾፌር ነበር። ጊዜው የሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። የግል መኪና ያለው ሰው በጣት ይቆጠር ስለነበር መኪናዋን ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ሁሉም ይነካታል። መከራውም እዚያ ላይ ነው። ከአንኮበር ሲመለሱ አቧራ ለብሳ ገበያው ዳር ስትቆም፣ ለፊታውራሪ አክብሮቱን ሊያሳይ የሚሻ ሁሉ የጋቢውን ጫፍ ይዞ ይጠጋል። አንዱ በሩን ይጠርጋል፣ ሌላው የጎማውን ጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎውን። በጋቢው ስር ያለው አቧራ ቀለሙን እንደ ሞረድ ይበላዋል። አጎቴ "ተዉ፣ እኔ አጥባታለሁ" ሲል፣ "ግድ የለም፣ ጋቢው እንደሆን ይታጠባል" ይሉታል።

"ጋቢውስ ይታጠባል፤ ቀለሙስ?" ቢል ማን ሰምቶት።

ማጠቡ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ማድረቁ ነው። የበሬሳ ወንዝ ውሃ በራሱ እንዲደርቅ ከተተወ ነጭ ነጠብጣብ ይጥላል፤ በሻካራ ጨርቅ ከታሸ ይጭራል። በጥር ጠዋት ደግሞ ውርጩ ውሃውን ቀለሙ ላይ ያረጋዋል። ስለዚህ ውርጩ እስኪለቅ ይጠብቅና፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ጥላ ስር አቁሞ ከጣሪያው ወደ ታች ያጥባታል። ለማድረቂያ የሚሆነው ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ አሮጌ ነጠላ ብቻ ነበር፤ ያውም ጥለቱ ተቆርጦ የወጣለት፣ የጥለቱ ክር ስለሚጭር። ነጠላውን እርጥቡ ላይ ዘርግቶ ያሳርፈዋል፤ አያሸውም። ውሃውን ሲጠጣ በቀስታ ወደ ራሱ ይስበዋል። መሬት የነካ ጨርቅ ያን ቀን ወደ መኪናዋ አይመለስም። ያ በብርድ የቀላ እጅ ጨርቁን ሲስብ አሁንም ይታየኛል።

ነጠላው የሚስቱ የአልታየች ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ ይኸ ሁለተኛው እኮ ነው። እኔ ቤተ ክርስቲያን ምን ለብሼ ልሂድ?"

"አርጅቷል እኮ።"

"እኔም አርጅቻለሁ። ቆርጠህ መኪና አድርቅብኛ።"

ይህን ስትል አትስቅም፤ ግን ጥለቱን በመቀስ ቆርጣ የምታወጣለት እሷው ነበረች።

በዚያ ዓመት የፊታውራሪ ልጅ ብርሃነሽ ልትዳር ነበር፤ ሠርጉ ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሑድ። አዲስ አበባ ትማር በነበረ ጊዜ በየዕረፍቱ ያመላልሳት የነበረው አጎቴ ነው። እሱ ልጅ አልነበረውም። በዚያ ረጅም መንገድ ከኋላ ወንበር ሆና የነገረችውን ወሬ ሁሉ ማታ መጥቶ ለኛ ይደግምልን ነበር። ሙሽራ ሆና ከአባቷ ቤት ስትወጣ መሪውን ሌላ ሰው እንዲይዝ አልፈለገም። እሷም "ከጋሼ ወልዴ በቀር ማንም አይወስደኝም" ብላ ነበር።

ፊታውራሪ ግን ከገና በፊት በሩ ላይ ጭረት አዩ።

"ወልደአረጋይ፣ ይህችን መኪና የአዲስ አበባ ሰዎች ሊያዩአት ነው። አማቾቼ የራሳቸው ሾፌር አላቸው። ሌላ ጭረት ካየሁባት ልጄን የሚወስዳት እሱ ነው።"

"የኔ ጭረት አይደለም ጌታዬ፤ የገበያው ሰው ነው..."

"ሾፌሬ ገበያው ነው ወይስ አንተ?"

ከዚያ ወዲያ አጎቴ መኪናዋን ከግቢ ማውጣት ፈራ። ሲወጣም የሚጠጋውን ሁሉ እንደ ውሻ ይከላከላል። ጠላ ቤት "ወልደአረጋይ ሁለተኛ ሚስት አገባ፤ ያውም ጥቁር" ተባለበት።

ጥምቀት ደረሰ። የፊታውራሪ እናት መራመድ ስለማይችሉ መኪናዋ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ዳር መውረድ ግድ ሆነባት። አጎቴ እሳቸውን ይዞ ከሕዝቡ ራቅ ብሎ ቆመ። ከዚያ አንድ ነገር አሰበ፤ ባያስበው ይሻለው ነበር። ጠበል ያረፈበትን ነገር ሰው እንደማይተወው ያውቃል፤ ሳይደርቅ ጠርጎ ፊቱን ይቀባበታል። እናም ርጭቱ ሳይጀመር ቄስ ገብረ ሕይወትን ሊለምናቸው ሄደ።

"አባ፣ እመቤቴን በመስኮቱ በኩል ይርጩልኝ። መኪናዋን ግን ባይነካት።"

ቄሱ አተኩረው አዩት። "ጠበል የሚሸሽ ሰይጣን አውቃለሁ። ጠበል የሚሸሽ መኪና ግን ዛሬ ገና ሰማሁ።"

"መኪናዋ አይደለችም አባ፤ ቀለሙ ነው። ይጫራል።"

"ውሃ ይጭራል?"

"ውሃው አይደለም፤ ሰዉ ነው።"

"ልጄ፣ ደክሞሃል" አሉና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ቄሱ ክፉ አላሰቡም። ጠበል አይንካት የተባለች መኪና አንድ ነገር ቢጠጋት ነው ብለው ሰጉ፤ መኪናዋ የምትመላለስበት የአንኮበር መንገድ ገደል ነው፣ ሙሽራም ልትሳፈርባት ነው። ርጭቱ ሲጀመር አሮጊቷን ረጩና ጣሪያውን፣ በሮቹን፣ ኋላዋን ዞረው ረጩ። ማሰሮው ውስጥ የቀረውን በሞተሩ ክዳን፣ በኮፈኖው ላይ ደፉት።

ሕዝቡ መጣ። ሜዳውን አቧራ አድርጎት የዋለ ሕዝብ ነው።

"እናቴ፣ በእጅዎ ብቻ፤ በነጠላዎ አይሹት" አላቸው አጎቴ አንዲት ባልቴትን።

"የእግዜርን ጠበል ለብረት ልታጠጣው ነው?" አሉና የነጠላቸውን ጥለት ኮፈኖው ላይ ከዳር እስከ ዳር ጎተቱት።

እጁን ዘርግቶ ኮፈኖው ፊት ቆመ። አንድ ጎረምሳ "ሾፌሩ ለብቻው ሊጠመቅበት ነው" ሲል ሰዉ ሳቀ። አጎቴም ክርስቲያን ነው፤ ፈውስ ፈልጎ የመጣን ሰው ከጠበል መከልከል እስከ ምን ድረስ ይችላል? እጁን አወረደ።

በማግስቱ አጠባት፤ እንደ ወትሮው አደረቃት። ወደ ፀሐይ ሲያወጣት ኮፈኖው ላይ የጭረት ድር አድርቶበታል። ፊታውራሪ ከደጃፋቸው ሆነው አዩት።

"ጠበል ነው ጌታዬ። ሰዉ ጠበሉን ሲጠርግ ነው።"

"በጠበል ታሳብባለህ?"

"ቄስ ገብረ ሕይወትን ይጠይቁልኝ።"

ተጠየቁ። ቄሱ የሆነውን ብቻ ተናገሩ፤ ወልደአረጋይ አስቀድሞ መጥቶ መኪናዋን ጠበል እንዳይነካት እንደለመናቸው። ፊታውራሪ ይህን ከሰሙ በኋላ ጭረቱን ረሱት። የከፋውም ይኸው ነው፤ በጭረት ቢሆን አጎቴ መልስ ነበረው።

"በልጄ ሠርግ ሰሞን ጠበል የከለከልህ ሰው" አሉት ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ "ልጄን አትወስድም።"

እሑድ ጠዋት ውርጩ እስኪለቅ ቆሞ ጠበቀ። አጠባት። ነጠላውን እያሳረፈ፣ እየሳበ አደረቃት፤ ሌላ ሰው ቢነዳትም ብርሃነሽ አጠገቧ ትቆማለችና። ቁልፉን ሲቀበለው የአማቾቹ ሾፌር "ጎበዝ፣ አሳምረህ ወልውለሃታል" አለው። መወልወል እንዳልሆነ ሊነግረው ፈልጎ ተወው።

ሙሽራዋ ወጣች። አንድ እግሯን አስገብታ ወደ መሪው አየችና ቆም አለች።

"ግቢ ልጄ" አሉ አባቷ። ገባች። ሙሽራ አትከራከርም።

በሩን የዘጋላት አጎቴ ነው። ቀሚሷን እንዳይዝባት ጫፉን ሰብስቦ አስገባና በዝግታ ዘጋው።

ቤት ሲገባ አልታየች ምግብ አቀረበችለት፤ አልበላም።

"አለቀሰች?" አለችው።

"ፊቷ ላይ ዓይነ ርግብ ነበረባት" አላት። "አልታየኝም።"