ቦሳ ኪቶን ያስመረጠኝ ለቅሶ

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት የደረሰብኝ ነው። ይኸው ዛሬ የልጅ ልጅ አይቼ እንኳ ሰርግ ቤት በር ላይ ስደርስ ነጠላዬን በደንብ መልበሴን ሳላይ አልገባም። ለምን እንደሆነ የጅማ ጎረቤቶቼ በሙሉ ያውቃሉ፤ እስኪ እናንተም ስሙልኝ።

ከአጋሮ ጅማ ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር። ባለቤቴ ታደሰ የቡና መፈልፈያ ማሽን ይጠግናል። ሁለት ልጆች ይዘን አዌቱ ወንዝ አጠገብ አንዲት ክፍል ውስጥ ከዘመድ ጋር ተዳብለን እንኖር ነበር። ክረምት ሲመጣ ውሃው አይጠራም፣ አያንኳኳም፣ ዝም ብሎ ይገባል። ልጆቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ውሃ በጆግ ስቀዳ የዋልኩበትን ቀን አልረሳውም።

ቤት ያኔ የሚገኘው ከቀበሌ ነው። ታደሰ በየቀበሌው ደጅ ሲጠና ከርሞ በመጨረሻ በአንድ ሳምንት ሁለት ቤት ተገኘለት። የእኛ ነገር! ስናጣ አጥተን፣ ስናገኝ ደግሞ ምርጫ ገደለን።

አንደኛው ገበያው አጠገብ ነው። ሁሉም ነገር ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ኪራዩ ወደድ ይላል፣ ግራና ቀኙም ጠጅ ቤት ነው። ሌላኛው ቦሳ ኪቶ ነው። ኪራዩ ለደመወዛችን የሚመች ነው፣ ጓሮ አለው፣ ውሃ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ነው። ችግሩ እዚያ ሰፈር የምናውቀው አንድም ሰው የለም።

"እኔ ቡና ሲደርስ ሊሙና ጌራ ሄጄ እከርማለሁ" አለኝ ታደሰ። "ከሁለት ሕፃን ጋር ብቻሽን ነሽ። አንድ ነገር ቢመጣ፣ ብትጮሂ ማን ይደርስልሻል? ገበያው ጋ ቢያንስ ሰው አይጠፋም።"

"ሰካራም ነው የሚደርስልኝ? ይቅርብኝ!" አልኩት።

አፌ እንዲህ ይበል እንጂ ነገሩ ሆዴ ገባ። ውሃ ስቀዳም፣ ልጆቹን ሳጥብም "ብጮህ ማን ይደርስልኛል?" እላለሁ። መልስ የምንሰጠው ሰኞ ነው። እኛ ከቀረን የሚወስደው ሌላ ባለ ልጅ ከኋላችን ተሰልፏል።

እሁድ ዕለት ልጆቹን ለታደሰ ትቼ ቦሳ ኪቶን ለማየት ብቻዬን ሄድኩ። ቤቱን ሳይሆን ጎረቤቱን ነበር ማየት የፈለግኩት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሉ የለ? ወሩ ታኅሣሥ ስለነበር በየደጁ ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ቤቱን አገኘሁት፤ ጓሮው ውስጥ ትልቅ አቮካዶ አለ። በመስኮቱ ስንጥቅ አጮልቄ ሳይ ወለሉ ደረቅ ነው። ደረቅ ወለል አይቼ ደስ ያለኝ መቼም እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ገና ከመስኮቱ ሳልርቅ ለቅሶ ሰማሁ።

ከጎኑ ካለው ግቢ ነው። ዞር ብዬ በአጥሩ ላይ ሳይ ድንኳን ተተክሏል። ወንዶቹ በረጅም አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ዱዓ ያደርጋሉ። አንድም የሚያወራ የለም። ከውስጥ ደግሞ የሴቶች ሲቃ ይሰማል። የሙስሊም ለቅሶ ቤት መሆኑን ለመረዳት ማንን ልጠይቅ?

በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ሁላችንም መጀመሪያ የምናስበው ግንባር ያለ ልጅ ነው። የእኔም ታናሽ ወንድም ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። ሰርግ ቢሆን ሰው የሚሄደው ተጠርቶ ነው፤ ለቅሶን ግን ሰምቶ ማለፍ ነውር ነው። ደግሞስ ነገ ጎረቤቶቼ ሊሆኑ አይደል? ነጠላዬን አዘቀዘቅኩና ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ በወንዶቹ አጠገብ በጎን አልፌ ወደ ሴቶቹ ክፍል ገባሁ።

ጫማዬን በር ላይ አውልቄ አንድ እግሬን እንዳስገባሁ እንባዬ ቀደመኝ። "ወንድሜን! ወይኔ ወንድምዬን!" ብዬ ደረቴን መታሁ። የማለቅሰው ለእነሱ ሟች ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን የራሴው ወንድም ሆነ።

እኔ ቀና ብዬም አላየሁ። ከዚያ አንዲት ሴት "ኤኙቱ ዱኤ? ማን ሞተ?" ብላ ጮኸች። የአስለቃሿ አወራረድ መስሎኝ እኔም ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ሴትየዋ "ልጄን!" ብላ መሬት ተደፋች። ያን ጊዜ ጉድ ፈላ! ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሴቶች በሙሉ ባንድ ጊዜ አለቀሱ። የቅድሙ ሲቃ ምን አላት፣ አሁን ነው እሪታ ማለት።

ከውጭ ወንዶቹ እየተጋፉ መጡ። ሰፈሩም መጣ። በአጥር ዘሎ፣ በጓሮ ሾልኮ፣ ያልመጣ የለም። አንዷ እስከ ክንዷ ሊጥ ነው። አንዱ የሚፈልጥበትን ምሳር እንኳ አላስቀመጠም። አንዱ ጎልማሳ ጺሙን ግማሹን ተላጭቶ ግማሹ ላይ ሳሙናው አልደረቀም።

በመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ። አባ ገሮ ነው ስማቸው፤ የቤቱ ባለቤት አባት ናቸው። ምርኩዙን ወለሉ ላይ ደበደቡና "ዝም በሉ! ማነው የሞተው?" አሉ።

ሴቶቹ ሁሉ የተደፋችውን ሴት አዩ። እሷ ቀና ብላ እኔን አሳየች። እኔ ደግሞ መልሼ እሷን አሳየሁ።

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሟቹ የእናንተ አይደል እንዴ?" አልኩ።

ያን ጊዜ ነው ቀና ብዬ ያየሁት። ጥግ ላይ ድቤ ተቀምጧል። ከድቤው አጠገብ አንዲት ልጅ የሚያብረቀርቅ ልብስ ለብሳ፣ እጇ እስከ አንጓዋ በሂና ተስሎ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች።

ሙሽራ! ለካ ኒካሁ ታስሮ ዱዓ እየተደረገ፣ ሴቶቹም ሙሽራዋ ሙኒራ ከእናቷ ልትለይ ነው ብለው እያለቀሱላት ኖሯል። የተደፋችውም የሙኒራ እናት ናት። ወንድ ልጇ ወታደር ነው፤ የማታውቃት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ "ወንድሜን" እያለች ስትገባባት መርዶ ነጋሪ መጣችብኝ ብላ ነው።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ አልኩ። በሰው ሰርግ ላይ! በሙሽራ ፊት! ይቺ ሟርተኛ ብለው ከሰፈር ቢያባርሩኝስ? ቤቱ ሄደ፣ አቮካዶው ሄደ፣ ደረቁ ወለል ሄደ። የአዌቱ ውሃ ታየኝ።

"ልጄ፣ ማን ነሽ? ምን ፈልገሽ መጣሽ?" አሉኝ አባ ገሮ።

"አባቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። "ያንን ቤት ቀበሌ ሰጥቶን ላየው መጥቼ ነው። ለቅሶ ስሰማ ... ሰምቶ ማለፍ ከበደኝ። የኔም ወንድም ግንባር ነው።"

መጀመሪያ የሳቀችው ሙሽራዋ ናት። በዚያ በሂና እጇ አፏን ይዛ ልትችለው ሞከረች፤ አልቻለችም። ከዚያ ባለ ሊጧ ሳቀች። ከዚያ ያ ግማሽ ጺም። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። የሙኒራ እናት እንባዋ ሳይደርቅ ጎኗን ይዛ "ወላሂ ገደልሽኝ! ማሎ፣ ልቤን ያዙልኝ!" ትላለች።

"አታፍሪ" አሉ አባ ገሮ እየሳቁ። "የዚህ ቤት እንባ ዛሬ ተጠራርጎ አለቀ። ከእንግዲህ ለሙኒራ የቀራት ሳቅ ነው፣ ኢንሻ አላህ።"

የሙኒራ እናት ተነሥታ መጣች። የተዘቀዘቀውን ነጠላዬን በገዛ እጇ አወለቀችና ገልብጣ በደንብ አለበሰችኝ። "ለማታውቂው ሰው እንዲህ ካለቀስሽ፣ ስታውቂንማ እንዴት ልትሆኚልን ነው? ኮቱ፣ ነይ ተቀመጪ" ብላ ከሙሽራዋ አጠገብ አስቀመጠችኝ። ለእኔ የክርስቲያን ምግብ ከጎረቤት አስመጡልኝ። ድቤው ተመታ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ሙኒራ እየሳቀች ከቤቷ ወጣች።

ቤት ስደርስ ታደሰ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። "በሰላም ነው እንዲህ የዘገየሽው? እና የቱን መረጥሽ?"

"ቦሳ ኪቶን።"

"ብትጮሂ ማን ይደርስልሻል አላልኩሽም?"

"ጮኼ አየሁት" አልኩት። "ሳሙናውን እንኳ ሳይጠርግ የመጣ አለ።"

በማግሥቱ ቁልፉን ተቀበልን። ታደሰ ለቡና ሥራ በሄደ ቁጥር የሙኒራ እናት በአጥሩ ላይ "አለሽ?" ሳትለኝ የዋለችበትን ቀን አላስታውስም። ደርግ በወደቀ ሰሞን የእሷ ልጅ በደህና ገባ። ብዙም ሳይቆይ የእኔም ወንድም ከሲታ ሆኖ፣ ጺሙን አንዠርግጎ መጣ። እኔ በር ላይ ደርቄ ስቀር እልልታውን ያቀለጠችው እሷ ናት።

እነሆ ባለፈው ዓመት ታናሽ ልጄን ከዚያው ከቦሳ ኪቶ ግቢያችን ዳርኳት። ልትሄድ ስትል እናት ነኝና አለቀስኩ፤ ሴቶቹም አገዙኝ። በዚህ መሀል በሩ ላይ ድምፅ ተሰማ። የሙኒራ እናት፣ አሁን እንደ አማቷ እንደ አባ ገሮ ምርኩዝ ይዛለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አንድ እጇን አናቷ ላይ ጭና "ወይኔ! ወይኔ! ማን ሞተ?" እያለች ገባች።

ልጄ እንደ ሙኒራ እየሳቀች ወጣች። እኔም ነጠላዋን ከላይዋ ላይ አወለቅኩና፣ ገልብጬ በደንብ አለበስኳት።