እሳት አጥፍተን ስንመለስ የጠበቀን ጭብጨባ

እሳት አጥፍተን ወደ አዳራሹ ስንገባ በጭብጨባ ተቀበሉን። ለእኛ መስሎን ነበር። ለካ ለአዲሱ ሊቀ መንበር ኖሯል!

ዛሬ እዚህ ቡሬ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች ማኅበራችንን አመራር ልንመርጥ ተሰብስበን ነበር። የሁላችንም አንጋፋ ጋሽ ይርዳው ለሊቀ መንበርነት ገና ከመጠቆማቸው፣ አንዲት ሴት "የበርበሬ መጋዘን ተቃጠለ!" እያለች ገባች።

ጋሽ ይርዳው ቀድመው ሮጡ። እኛም ተከተልናቸው።

(የሚቃጠል በርበሬ ጭስ የቀመሰ ያውቀዋል። ከረጨነው ውሃ ያፈሰስነው እንባ ሳይበልጥ አይቀርም።)

ስንመለስ ከወንበራቸው ያልተነሱት ሰባት ሰዎች እርስ በርስ ተመራርጠው ጨርሰዋል። ያውም በሙሉ ድምፅ!

"ምነው ብትጠብቁን?" አሉ ጋሽ ይርዳው እያሳሉ።

ምርጫውን የመራው ሰብሳቢ ቃለ ጉባኤውን አነበበላቸው፦ "ስብሰባ ረግጠው የወጡ አባላት ድምፀ ተዓቅቦ እንዳደረጉ ተቆጥሯል።"

ደነገጥን። እሱ ግን አልጨረሰም። "እርስዎም ጋሼ፣ ዲሲፕሊን ስለጎደለዎት በሚቀጥለው ግምገማ ግለ ሂስ ያደርጋሉ።"

ጋሽ ይርዳው ጥላሸት የለበሰ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረግ አደረጉ። "እሺ ልጄ፣ አደርጋለሁ። ከእንግዲህ ግን እሳት ሲነሳ እጅ አውጥተን አስፈቅደን ነው የምንሮጥ?"

አዲሱ ሊቀ መንበር ንጹሕ ኮቱን አስተካክሎ፣ "ጥያቄው በአጀንዳ ይያዝ" አለ።

ደምበጫም ሽንዲም ፍኖተ ሰላምም ያላችሁ፣ እናንተ ሥራ ላይ ሳላችሁ አለቃ የተመረጠባችሁ ካላችሁ እስኪ ጻፉልኝ። ዓይኔ ገና እያቃጠለኝ ነው፤ ቢሆንም አነባለሁ።