ሙሉ ቀን ይሁን

የዳንግላ ባለጋሪዎች የሀብቱ ስም በተነሳ ቁጥር ፈረሱን መትቶ እንደማያውቅ ሳይናገሩ አያልፉም። እውነታቸውን ነው። ዳማው ፈረስ ጭቃ ላይ ለግሞ ቢቆምበት እንኳ ሀብቱ ከጋሪው ይወርድና አንገቱን እያሻሸ፣ ጆሮው ሥር እያንሾካሾከ ያባብለዋል እንጂ እጁን አያነሳበትም። አለንጋውስ ታዲያ ለምኑ ነው? አለንጋው ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ይኖራል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሚስቱን የምሥራችን ሲገርፍበት ኖሯል።

የምሥራች የጥርባ ልጅ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በጋሪ ተጭና ዳንግላ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ከሰል ትነግዳለች። ከገበሬዎች በጆንያ ትቀበላለች፣ በጣሳ እየሰፈረች ገበያው ዳር ትቸረችራለች። ጥላሸቱ የፊቷን ሰንበር ስለሚሸፍንላት «ከሰል ደግ ነው» እያለች ትቀልድ ነበር። ሰፈሩ ግን ጥላሸት የሚያታልለው ሰፈር አልነበረም። ማታ ጩኸቷን ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ ጠዋት ደግሞ «እንደምን አደርሽ የምሥራች?» ይላታል። እንዲህ ያለውን ሰላምታ እሳት ይብላው!

አልሞከረችም እንዳይባል ሦስት ጊዜ ሞክራለች። መጀመሪያ ወንድሞቿ ዘንድ ጥርባ ሄደች። እነሱም ሳምንት አሳድረው፣ ሽማግሌ ሰብስበው፣ «ባል ነው፣ ይቆጣል» ብለው፣ ሀብቱ ያረደውን በግ በልተው መልሰው አስረከቧት። ቀጥላ አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄደች፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው የቤት ጉዳችሁን እቤታችሁ ጨርሱ አላት። በሦስተኛው ትንሿን ልጇን እንቁን ይዛ መናኸሪያ ገባች። አውቶቡሱ ሳይሞላ ባለጋሪዎቹ ለሀብቱ ነገሩት። ጋሪውን እያበረረ መጣና በሰው ሁሉ ፊት እንደ ከሰል ጆንያ ጭኗት ተመለሰ። የዚያን ቀን ሁለት የጎን አጥንቷ ተሰበረ።

እስከ ዕለተ ሞቷ ችላው ትኖር ነበር ይሆናል፤ ሰው ምን የማይለምደው አለ! ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ግን እንቁ ፈረሱን ውሃ ሳታጠጣው ዋለች። ሀብቱ የአሥራ አራት ዓመቷን ልጅ በጸጉሯ ይዞ ከመቃኑ ጋር አላተማት። የፊት ጥርሷ ወለቀ። የምሥራች የልጇን ጥርስ ከመሬት ስታነሳ ሆዷ ውስጥ የነበረው ፍርሃት ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ ተጠቀለለ። እንቁን ይዛ መውጣት አለባት። እንዴት እና ወዴት እንደሆነ ግን አታውቅም።

በዚህ መሐል ትልቋ ልጇ ሸጋ ከባሕር ዳር ደወለች። ሸጋ አንድ ሎጅ ውስጥ አንሶላ አጣቢ ናት። ሎጁ በየዓመቱ ለአንድ ምስጉን ሠራተኛ ከነቤተሰቡ በጣና ላይ የጀልባ ሽርሽር ይሰጣል፤ የዘንድሮው ለእሷ ደረሰ። ሀብቱ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አባዬ፣ ሁለት ዓይነት ጉዞ ነው ያለው» አለች ሸጋ። «አንዱ ግማሽ ቀን ነው፤ ዘጌ ደርሶ መመለስ። ሌላው ሙሉ ቀን ነው፤ እስከ ዳጋ እስጢፋኖስ ይዘልቃል። የቱን ላስመዝግብ? መልሱን ዛሬውኑ ይፈልጉታል።»

«ግማሹ ይበቃናል» አለ ሀብቱ። «ፈረሱን ማን ያበላዋል?»

«ሙሉ ቀን ይሁን።»

ይህን ያለችው የምሥራች ነበረች። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እሱ በተናገረበት ላይ ተናግራ አታውቅም። ያን ጊዜ ገና ምንም አላቀደችም። ጀልባ ላይ ሌላ ሰው አለ፣ ሌላ ሰው ካለ ደግሞ አይመታኝም ብላ ነው። ከግማሽ ቀን ሙሉ ቀን ይረዝማል፤ የሒሳቧ ጠቅላላ ይኸው ነበር።

ሀብቱ ለስልኩ ሳቅ አለ። «እናትሽ ውሃ አምሯት ነው መሰለኝ። ይሁን እንግዲህ፣ ሙሉ ቀን በይው» አለና ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ተነስቶ በሩን ዘጋው። ሀብቱ ሲቆጣ የሚቆጣው በአማርኛ ነው፤ ሊመታ ሲል ግን ወደ አገውኛ ይዞራል። የምሥራች አገውኛውን ስትሰማ ወደ ግድግዳው ሸሸች። ቀኝ እጇን ጎትቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና በአለንጋው እጀታ ይወቅጠው ጀመር። «ማን ጠየቀሽ?» ይላል፣ ይመታል። «ማን ጠየቀሽ?» ይላል፣ ይደግማል። ሁለት ጣቶቿ እስኪሰበሩ ድረስ ጥያቄውን አልተወም።

በማግስቱ ግን ደስ ብሎት መጣ። ጓደኛው ባለጋሪው ይሄነው ዳጋን ያውቃታል፤ የነገሥታት አጽም ያረፈባት፣ ሴት የማይገባባት ደሴት መሆኗን አጫውቶታል። «ሰማሽ?» አላት የምሥራችን። «አንቺ አትገቢም። የምገባው እኔ ብቻ ነኝ። እናንተ እታች ጀልባው ውስጥ ተኮልኩላችሁ ትጠብቁኛላችሁ።» ከት ብሎ ሳቀ። እሷን ያዋረደ መስሎት ነው። የምሥራች የተሰበሩትን ጣቶቿን በጨርቅ እየጠመጠመች ነበር፤ እጇ ባለበት ቆመ።

የከሰል ደንበኛዋ ከሆነች ሴት ስልክ ተዋሰችና ሸጋ ዘንድ ደወለች።

«ዳጋ ላይ ሰው ጀልባው ቢያመልጠው፣ ሌላ ጀልባ በምን ያህል ጊዜ ይመጣል?»

«ኧረ እማዬ፣ እዚያ ተራ ጀልባ የለም። ያመለጠው ሰው እስኪነጋ እዚያው ነው።» ሸጋ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገባት። «ለእንቁ ልብስ ደራርቢላት» አለች በቀጭን ድምፅ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሳምንት ከዱላው ሁሉ ከፋ። ዘጌ የብስ ናት፤ ሴትም ይወርድባታል፤ መንገድም አላት። ግማሽ ቀን ከሆነ ሀብቱ ለአንድ ደቂቃ ከጎኗ አይርቅም። ጉዞው አራት ቀን ሲቀረው ፈረሱ አሳለና ሀብቱ ሐሳቡን ለወጠ። «ደውይላት። ግማሹ ይሁን በያት» አለ።

የምሥራች ፊቷን አልለወጠችም። «እሱስ ይሻላል» አለች ከሰሏን እየለቀመች። «እኔም ዘጌ ገብቼ እሳለማለሁ። ዳጋ ለአንተ ብቻ ነው፤ እኛ እታች ምን እንሠራለን?»

ሀብቱ ቀና ብሎ አያት። የእሷ ደስታ እንደ እሾህ ነው የሚወጋው። «እንዲያ ነው?» አለ። «በይ እንግዲያው ሙሉ ቀን ነው! ዳጋ ነው የምንሄደው። ፈረሱን ይሄነው ያየዋል።» ስትፈራ አይቷት ያውቃል፤ ስታታልለው ግን አይቷት አያውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሚኒባስ ተሳፈሩ። መንገዱ ተዘግቶ የተከፈተ ሰሞን ስለነበር በየኬላው እየወረዱ፣ እጃቸውን እያነሱ ተፈተሹ። ባሕር ዳር ጀልባ ማቆሚያው ላይ ሸጋ አቅፋ ሳመቻቸው፤ የእናቷን ጣቶች ግን አይታ ፊቷን አዞረች። ሀብቱ ሽንት ቤት ሲገባ ከጀልባ ነጂው ጋር ፈጠን ብላ ተነጋገረች። ነጂው ስማቸው ይባላል፤ ዝምተኛ ጎልማሳ ነው።

«ሰው ደሴት ላይ ጥዬ ልመጣ?» አለ። «አላደርገውም። እንጀራዬ ነው።»

ሸጋ ወደ እናቷ ተመልሳ ራሷን ነቀነቀች። የምሥራች ሌላ ምርጫ ስላልነበራት ጀልባው ላይ ወጣች። እንቁን ከጎኗ አስቀመጠች።

ሀብቱ ተራራ ላይ ያደገ ፈረሰኛ ነው፤ መዋኘት አይችልም፣ ውሃ ያስፈራዋል። ጀልባው ከወደቡ ርቆ ማዕበሉ ሲያነሳው ሲጥለው የጀልባውን ብረት በሁለት እጁ ጨመደደ። የሀብቱ ፍርሃት ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ቁጣ ነው የሚገለበጠው። አንድ ሞገድ መጥቶ ፊቱ ላይ ሲያርፍ እንቁ ሳቀች። ጥርስ የሌለበትን አፏን በመዳፏ ሸፍና ነበር የሳቀችው፤ ግን ሳቀች። ሀብቱ በአገውኛ ጮኸ።

የምሥራች መሐል ገባች። የመጀመሪያው ቡጢ አፏን፣ ሁለተኛው ዓይኗን አገኛት። ጭንቅላቷ ከወንበሩ ብረት ጋር ተጋጨና ደሟ የጀልባውን ወለል አለበሰው። በሸማዋ ይዞ ከወገቧ በላይ ከጀልባው ውጪ አንጠለጠላት፤ ውሃው ጸጉሯን ነካው። «ልጣልሽ? ሙሉ ቀን ነው ያልሽው አይደል? ልጣልሽ?» ሁለቱ ልጆች እጁ ላይ ተንጠልጥለው እየጮሁ ነበር።

ስማቸው ሞተሩን አጠፋ። «ኧረ ጋሼ! ተው! ተው እንጂ!»

ሀብቱ ሚስቱን ወደ ውስጥ መልሶ ወረወራት። «ሚስቴ ናት» አለ እያለከለከ። «አንተ ጀልባህን ንዳ።»

ስማቸው ጥቂት አያትና ሞተሩን አስነሳ። ይኼም እንደ ዳንግላ ሰፈር ነው አለች የምሥራች በልቧ፤ ነገ ጠዋት ቢያገኘኝ እንደምን አደርሽ ይለኛል። ተስፋዋ እዚያው ውሃ ላይ አለቀ።

ዳጋ ሲደርሱ ሀብቱ እጁ ላይ የደረቀውን የሚስቱን ደም በሐይቁ ውሃ ታጠበ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ለበሰ፣ ጫማውን አወለቀ። «ሳልመጣ ንቅንቅ እንዳትሉ» አለና አንድ ዲያቆን እየመራው ዳገቱን ያዘ። ጀርባው ከዛፎቹ መሐል ገብቶ ጠፋ።

የምሥራች ነጂውን ልትለምነው ያበጠ አፏን ከፈተች። መለመን አላስፈለጋትም። ስማቸው ገመዱን ከድንጋዩ ፈትቶ በእጁ ይዞ ነበር።

«እናቴ፣ ደህና አድርገው ይቀመጡ» አላት።

ያን ጊዜ ሸጋ ማልቀስ ጀመረች። «አባቴ ነው እኮ እማዬ! ምን ብለን ነው? አባቴ ነው እኮ!» ሕፃን ሳለች ፈረስ ላይ ከፊቱ አስቀምጦ ገበያ ያዞራት ነበር፤ እሱን መርሳት አልቻለችም።

«አባትሽ ነው» አለች የምሥራች። «ከፈለግሽ ውረጂና ዳር ላይ ጠብቂው፤ አልቀየምሽም። እንቁ ግን አትወርድም።»

ሸጋ አልወረደችም። እንቁን አቅፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጀልባው ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ዞረ፣ ሞተሩ አጓራ።

ድምፁን ሀብቱ ዳገቱ ላይ ሆኖ ሰማው። ቁልቁል እየሮጠ፣ ባዶ እግሩን ድንጋይ እያንሸራተተው፣ እየተጋጨ፣ እየተሳደበ መጣ። ዳር ሲደርስ ጀልባው የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቆ ነበር። «ተመለሺ!» ብሎ ጮኸ። የምሥራች እግሮች ሳታዛቸው ተነሱ፤ ለዚያ ድምፅ መነሳት ነበር ልማዳቸው። የጀልባውን ብረት በተሰበሩት ጣቶቿ ጨብጣ፣ በሕመሙ ጥርሷን ነክሳ፣ ራሷን መልሳ አስቀመጠች።

ሀብቱ ውሃው ውስጥ ገባ። እስከ ጉልበቱ፣ እስከ ወገቡ፣ እስከ ደረቱ ሄደ። ከዚያ መሬቱ ከእግሩ ሥር አለቀ። ጋቢው ከቦት ተንሳፈፈ፣ ራሱ ጠለቀ፣ ብቅ አለ፣ ደግሞ ጠለቀ። አንድ እጁ ብቻ ከውሃው በላይ ተነስቶ ቀረ። የምሥራች ያ እጅ ሲነሳ እያየች ሳታጎነብስ የቀረችው ያን ቀን ነው።

ስማቸው ሞተሩን አበረደ። «አይዋኙም እንዴ?» አለ ደንግጦ።

«አይዋኝም።»

«እናቴ፣ ምን ላድርግ? ልመለስ?»

ሸጋ ፊቷን በእንቁ ትከሻ ውስጥ ቀበረች። እንቁ ግን ዓይኗን ከውሃው ላይ አላነሳችም። የምሥራች ወደ ዳሩ ተመለከተች፤ ማንም አይታይም ነበር፤ ዲያቆኑም አልወረደም። ያን እጅ ደግሞ አየችው።

«አትመለስ» አለች። «ንዳ።»

ጥቂት እንደ ሄዱ ሁለት መነኮሳት ታንኳ እየቀዘፉ ከሸንበቆው ውስጥ ወጡ፤ ሀብቱን በጋቢው ጎትተው የብስ ላይ አወጡት። ሲያስል ድምፁ ይሰማ ነበር። በማግስቱ በሌላ ጀልባ ባሕር ዳር ሲገባ የሚፈልጋቸው ሰዎች ከተማውን ለቀው ሄደዋል። ስማቸው ሥራውን አጥቷል፤ ከገዛ ሰፈሩ አንድ ሰው አልጠየቀውም፣ የምሥራች ግን እየደወለች ትጠይቀዋለች። ዛሬ ከሁለቱ ልጆቿ ጋር በሌላ ከተማ ትኖራለች፤ አሁንም ከሰል ትቸረችራለች፤ ሁለቱ ጣቶቿ ተጣመው ነው የዳኑት።

ወሬው ዳንግላ ደርሶ ጨካኝ ናት ይሏታል፤ ያ ጩኸቷን እየሰማ ያድር የነበረ ሰፈር ነው እንዲህ የሚላት። እሷ አትከራከርም። ንዳ ባለችበት ሰዓት መነኮሳቱ ይምጡ አይምጡ አታውቅም ነበር፤ ይህንንም ከማንም አልደበቀችም። አንድ ቀን እንቁ «ባይደርሱለት ኖሮስ እማዬ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ንዳ ነበር የምለው» አለቻት።